የኔታ ቅኔ እንዳይቆጥሩ ተከለከሉ፦ አንጎል ሲያስብ ዕጢው ይፋፋል የሚባለው እውነት ነው?

የደጀን_ልጅ፦ ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡40

እንዴት ሰነበታችሁ። ረዘም ይላል፣ ታገሡኝ።

አጎቴ የቅኔ መምህር ናቸው። ቤታችን ውስጥ ግን አጎቴ ብሎ የሚጠራቸው የለም፤ ለትንሽ ለትልቁ የኔታ ናቸው። 58 ዓመታቸው ነው። ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ አንድ የገጠር ደብር ላይ ጉባኤ ዘርግተው 26 ዓመት አስተምረዋል።

ጥቅምት ላይ አንድ ማታ ቅኔ እያስነገሩ ሳለ ቃል ጠፋቸው። ተማሪዎቹ የኔታ እያወጡ እያወረዱ ነው ብለው ጠበቁ። ከዚያ ቀኝ እጃቸው ይርገበገብ ጀመር። አፋቸው ወደ አንድ ወገን ተሳበ። ወደቁ። አንዱ ተማሪ ክብሪት ጭሮ አፍንጫቸው ሥር ያዘ። ሌላው ጥርሳቸው መሐል የሚያስገባው ማንኪያ ፍለጋ ሮጠ። በማግሥቱ ሰፈሩ በሙሉ የሚጥል በሽታ ነው ብሎ ፈርዶ ጨርሷል።

ደብረ ማርቆስ አሳየናቸው፣ ከዚያ ባሕር ዳር። ኤምአርአይ ተነሡ። ከግራ ጆሯቸው በላይ ዕጢ ተገኘ። አዲስ አበባ ቀዶ ጥገና ተደረገላቸው። የወጣው ሥጋ ተመርምሮ "ግሊዮብላስቶማ፣ ደረጃ 4" የሚል ወረቀት ሰጡን፤ ክፉ የአንጎል ካንሰር ማለት ነው። 30 ቀን ጨረር ወሰዱ። አሁን አገር ቤት ገብተው የኬሞ እንክብሉን በየ28 ቀኑ ለ5 ቀን ይወስዳሉ።

አሁን ወደ ጉዳዬ። ባለፈው ሳምንት የአክስቴ ልጅ ቴሌግራም ላይ አንድ ነገር አነበበ። የአንጎል ዕጢ የሚያድገው አንጎል ራሱ በሚለቀው ኬሚካል ነው፣ ሰውየው ባሰበ ቁጥር ዕጢው ይጠግባል ይላል። ቤተ ዘመድ ተሰብስቦ ተመካከረ። ተማሪዎቹ ወደ ሌላ መምህር ተሸኙ። መጻሕፍቱ ቆጥ ላይ ወጡ። "የኔታ፣ ቅኔ ይቅርብዎ፣ ዝም ብለው ይረፉ" ተባሉ።

የኔታ አልተከራከሩም። ቀን በር ላይ ይቀመጣሉ። ትናንት ማታ ግን አጠገባቸው ተኝቼ ጣታቸው ከብርድ ልብሱ ሥር ሲንቀሳቀስ አየሁ። መንቀጥቀጥ መስሎኝ ደንግጬ ነበር። አይደለም። የቅኔ ቤት እየቆጠሩ ነው።

ጥያቄዬ አንድ ነው። ከልክለን ልክ ሠርተናል?

ሞጣ_ቀራንዮ፦ ሰኞ፣ 3፡05

እግዜር ይማራቸው። ግን አንድ ነገር ልጠይቅ፣ አትቀየሙኝ። የኔታ በተማሪነታቸው አብሾ ጠጥተው ይሆን? እኛ አገር አብሾ የጠጣ ሰው ወይ ሊቅ ይወጣዋል፣ ወይ አናቱ ላይ ወጥቶ ያናውዘዋል ይባላል። እንዲህ ያለው ነገር ከዚያ የመጣ እንዳይሆን።

የደጀን_ልጅ፦ ሰኞ፣ 3፡11

አልጠጡም። ጠይቄያቸው "እኔ የጠጣሁት የአተላ ውኃ የመሰለ ጠላ ነው" ብለው ሳቁብኝ።

የቡሬዋ፦ ሰኞ፣ 4፡20

እኔ ሐኪም አይደለሁም። ቡሬ ተወልጄ አሁን ውጭ አገር የነርቭ ሳይንስ የምማር ነኝ። የምሠራውም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ወንድምዓለም፣ ዜናው ውሸት አይደለም። ከዜናው ተነሥታችሁ የወሰናችሁት ውሳኔ ግን ልክ አይመስለኝም። አንድ በአንድ ልሂድበት።

የአንጎል ነርቭ ሴሎች የሚነጋገሩት በኬሚካል ነው። አንዱ ጫፉ ላይ ትንሽ መልእክት ይለቃል፣ አጠገቡ ያለው ይቀበላል። ሁለቱ የሚገናኙባት ጠባብ ቦታ ሲናፕስ ትባላለች። መልእክተኞቹ ብዙ ዓይነት ናቸው። ዋናው ቀስቃሽ ግሉታሜት ነው፣ ዋናው አረጋጊ ደግሞ ጋባ ይባላል። የኔታ አንድ ቃል ከሌላው ጋር ሲያጋጥሙ፣ እኔ ይህን ስጽፍ፣ አንተ ስታነብ፣ ግሉታሜት ከሴል ወደ ሴል እየተላለፈ ነው።

ዕጢው ግሉታሜት እንደሚለቅ ከቆየ ጀምሮ ይታወቃል። እንደ ልዋጭ ነጋዴ አስቡት። የዕጢው ሴል ግድግዳ ላይ አንድ በር አለ። በዚያ በር ሲስቲን የሚባል ንጥረ ነገር ያስገባል፣ በምትኩ ግሉታሜት ያስወጣል። ሲስቲኑ ራሱን ከጉዳት የሚከላከልበት ነው። የሚያስወጣው ግሉታሜት ግን ለጎረቤት መርዝ ይሆናል። በዙሪያው ያሉ ነርቮች ከልክ በላይ ይቀሰቀሳሉ፣ ይንቀጠቀጣሉ፣ አንዳንዶቹ ይሞታሉ። ለዕጢውም ቦታ ይለቀቅለታል። ሃራልድ ሶንታይመር የተባለ ተመራማሪ ብዙ ዓመት የደከመው በዚህ ላይ ነው። የኔታ ያን ማታ የወደቁበትም ምክንያት ከዚህ ጋር ይገናኛል። ርኩስ መንፈስ ለክፎአቸው አይደለም።

ሰዉን ያስደነገጠው ግን እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ነው። መስከረም ላይ በአንድ ቀን፣ በአንድ መጽሔት፣ ሦስት ጥናቶች ወጡ። አንዱ ከጀርመን ሃይደልበርግ፣ አንዱ ከአሜሪካ ስታንፎርድ፣ አንዱ ከስዊዘርላንድ። የጀርመኖቹና የስታንፎርዶቹ ዕጢውን በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲያዩት ነርቭ ሴሎች ከዕጢው ሴሎች ጋር ሲናፕስ ሠርተው አገኙ። ልብ በሉ፣ አጠገቡ መሆናቸው አይደለም አዲሱ ነገር። ተጋጥመዋል። ነርቩ ግሉታሜት ሲለቅ የዕጢው ሴል አምፓ በሚባል ተቀባይ ይቀበለዋል፣ ውስጡ ኤሌክትሪክ ይነሣል፣ ከዚያ ይከፋፈላል፣ ወደ ጤነኛው ክፍልም ይሰርጋል። የስዊዘርላንዶቹ ደግሞ ከጡት ተነሥቶ አንጎል የገባ ካንሰር የግሉታሜት መልእክት ከመሐል እንደሚጠልፍ አሳዩ።

የስታንፎርዷ ሚሼል ሞንጄና የሃይደልበርጉ ፍራንክ ቪንክለር በዚህ ሥራ የ2025ን የአንጎል ሽልማት ተካፍለዋል። ስለዚህ ተራ የቴሌግራም ወሬ አይደለም።

ውሳኔያችሁ ለምን ልክ እንዳልመሰለኝ ነገ እጽፋለሁ። እዚህ ሌሊት ሆኗል፣ ዓይኔ ተከደነ።

ማንኩሳ_04፦ ሰኞ፣ 4፡52

እኔ ነኝ ያ የአክስት ልጅ። ክሩን ዘመድ ልኮልኝ ነው የገባሁት።

የደጀን ልጅ፣ ቤት ውስጥ የተመከረውን እዚህ ማውጣትህ ደስ አላለኝም፣ ግን ይሁን። የቡሬዋ ራሷ እውነት ነው ብላለች። ነርቩ በሠራ ቁጥር ዕጢው ይቀበላል ካለች የቀረው ምንድን ነው? የሚቃጠል ቤት ላይ እንጨት አይጨመርም። እኔ የኔታን ጠልቼ አይደለም የከለከልኩ። ጡት ከመጣሌ ጀምሮ ያሳደጉኝ እርሳቸው ናቸው።

ዲያቆን_መርጡለ፦ ማክሰኞ፣ ጠዋት 1፡15

እግዚአብሔር ይማርልን። የቅኔ መምህር መታመም የአንድ ቤት ሐዘን ብቻ አይደለም።

አንድ ነገር ልጨምር። ጸበል ልትወስዷቸው ትችላላችሁ፣ ውሰዷቸውም። ነገር ግን ጸበል ቦታ "መድኃኒቱን አቁም" የሚል ሰው ቢገጥማችሁ አትስሙት። እኔ ራሴ አንድ ቦታ ይህን ሲል የሰማሁት አገልጋይ አለ። የሚንቀጠቀጥ ልጅ ክኒኑን አስጥሎ በሦስተኛው ቀን ልጁ በላይ በላዩ ሲጥለው አየሁ። ጸበሉም መድኃኒቱም ከአንድ አምላክ ነው። አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

አዴት_ፋርማሲ፦ ማክሰኞ፣ 2፡30

ዲያቆን፣ ቃለ ሕይወት ያሰማልን። እኔ ላስረዳ የፈለግሁትን ግማሹን ጨረሱልኝ።

ፋርማሲ ነው የምሠራው። የሚጥል በሽታ መድኃኒት በድንገት ከተቋረጠ አንዱ ሳያበቃ ሌላው የሚከተል መንቀጥቀጥ ሊመጣ ይችላል። ያ ደግሞ ይገድላል። የኔታ የሚወስዱት ፌኒቶይን ይሁን ቫልፕሮኤት ይሁን ሌቬቲራሴታም፣ ሳያልቅ በፊት ግዙ። መንገድ ሲዘጋ መድኃኒት እንደሚጠፋ እናንተም እኔም እናውቃለን። ከተቻለ ቢያንስ የሁለት ሳምንት ትርፍ ቤት ይኑር። የአንጎል እብጠት የሚቀንሰው ዴክሳሜታሶን ካለም ጠዋት ምግብ በልተው ይውሰዱ። ማታ ከተወሰደ እንቅልፍ ይነሣል። እሱንም በገዛ እጅ አያቆሙትም።

ደግሞ እባካችሁ፣ ክብሪቱን ተዉት። ማንኪያውንም። በጎናቸው አስተኙ፣ ጭንቅላታቸው ሥር ጋቢ አድርጉ፣ ሰዓት ያዙ። 5 ደቂቃ ካለፈ መኪና ፈልጉ። አፍ ውስጥ የሚገባ ምንም ነገር የለም።

እንጅባራ_ሰው፦ ማክሰኞ፣ 3፡48

እኅቴ ይኸው በሽታ ነበረባት። 14 ወር ኖረች።

የሆነውን ልንገራችሁ። ውጤቱን የነገረን ሰው ኮሪደር ላይ ቆሞ፣ ግማሹን በእንግሊዝኛ ነገረን። ምንድን ነው ስንል "ቶሎ ብላችሁ አዲስ አበባ ውሰዷት" ብሎ ሄደ። የት ቦታ እንደነበር አልናገርም፣ አሁን ምን ይሠራል።

እኛም ብዙ ነገር ከልክለናት ነበር። ስኳር ከለከልናት፣ ስልክ ከለከልናት፣ ሰው እንዳይጠይቃት ከለከልናት። እሷን ያደከማት ማሰብ አልነበረም። የዓባይ በረሃ ነው። አውቶቡሱ ከደጀን ወደ ታች ሲወርድ ሙቀቱ፣ ማስታወኩ፣ ደግሞ ወደ ጎሐ ጽዮን መውጣቱ። ስንት ጊዜ እንደተመላለስን አላውቀውም። ተራ ጥበቃው ደግሞ ሌላ ነው።

አስተማሪ ነበረች። ፊደል የማታውቅ ሠራተኛችንን በመጨረሻዎቹ ወራት አስተምራ ስሟን እንድትጽፍ አድርጋለች። ያን ባንከለክላትስ ብዬ አስቤ አላውቅም፣ ምክንያቱም እሱን አልከለከልናትም። ሌላው ሁሉ ግን ይቆጨኛል።

የቡሬዋ፦ ማክሰኞ፣ ከሰዓት 9፡10

ማንኩሳ፣ ጥያቄህ የሞኝ ጥያቄ አይደለም። እኔም ብሆን መጀመሪያ የሚመጣልኝ እሱ ነው። እንዲያውም ክርክርህን ላጠንክርልህ። እ.ኤ.አ. በ2015 ስታንፎርዶቹ የሰው ዕጢ የተተከለባቸውን አይጦች ነርቭ በብርሃን እየቀሰቀሱ ዕጢው በፍጥነት እንደሚያድግ አይተዋል። በ2023 ደግሞ ሳን ፍራንሲስኮ ያሉ ተመራማሪዎች ሕሙማን ነቅተው ቀዶ ጥገና ሲደረግላቸው ሥዕል እያሳዩ ስሙን አስጠሩ። ሰውየው ቃል ሲፈልግ ዕጢው የወረረው የአንጎል ክፍል ጭምር አብሮ ሲቀሰቀስ ታየ። ዕጢያቸው ከቀረው አንጎል ጋር በጣም የተሳሰረባቸው ሰዎች ደግሞ ዕድሜያቸው አጭር ሆኖ ተገኘ።

ይኸው፣ ከቴሌግራሙ የባሰ ነገርኩህ። አሁን ስማኝ።

እዚያ ጥናት ላይ የተለካው ዕጢው ከአንጎል ጋር ያለው ትስስር ነው። የተለካውም ሰዎቹ ሥራ ሳይሠሩ፣ ዝም ብለው ዐርፈው ባሉበት ነው። ማን ብዙ ያነብባል፣ ማን ብዙ ያስባል ብሎ የለካ የለም። ትስስሩን የሠራው ዕጢው ነው። የኔታ መጽሐፍ ስለዘጉ ትስስሩ አይበጠስም።

ደግሞ አንጎል አያርፍም። በር ላይ ተቀምጠው መንገድ ሲያዩ ይሠራል። ሲቆዝሙ ይሠራል። ተኝተውም ይሠራል፣ ሕልም ሲያዩማ አታንሣው። የኔታ ብርድ ልብስ ሥር ቤት እየቆጠሩ አይደለም እንዴ? ምኑን ነው የከለከልከው? መጽሐፉን ነው። ግሉታሜቱን አልከለከልከውም።

ማሰብ ያቆመ ሕመምተኛ ረዥም ዕድሜ ኖረ የሚል ጥናት የለም። ተመራማሪዎቹ እየፈለጉ ያሉት አንጎልን ዝም ማሰኘት ሳይሆን የዕጢውን ጆሮ መድፈን ነው። ልዩነቱ ትልቅ ነው።

ጮቄ_ሥር፦ ማክሰኞ፣ 10፡02

የቡሬዋ የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ስታነሣ እኔ የማውቀው ነገር ትዝ አለኝ። ግብርና ነው የተማርኩት።

አቀንጭራን ታውቁታላችሁ። ማሽላ የሚያቀጭጨው፣ ሐምራዊ አበባ ያለው። ፍሬው ከአፈር ብናኝ አይለይም። አፈር ውስጥ ዓመታት ዝም ብሎ ይቆያል። የሚበቅለው ማሽላው ሥር ከሚለቀው አንድ ኬሚካል ሲደርሰው ነው። ማሽላው ያን ኬሚካል የለቀቀው ለአቀንጭራ ብሎ አይደለም። ሥሩን የሚረዳው ጠቃሚ ሻጋታ አለ፣ እሱን ሲጠራ ነው። አቀንጭራው ጥሪውን ይሰማል፣ ይበቅላል፣ ሥሩ ላይ ይጋጠማል፣ ይመጥጠዋል።

አሁን የማንኩሳ መላ ማሽላው ሥር አያውጣ እንደ ማለት ነው። ሥር ያላወጣ ማሽላ አቀንጭራ አይነካውም፣ እውነት ነው። ማሽላም አይሆንም እንጂ።

ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኙት አቀንጭራን በሚቋቋም ማሽላ ነው። ያ ዝርያ ከሚቋቋምባቸው መንገዶች አንዱ ጥሪውን ዝቅ አድርጎ መልቀቁ ነው። ይበቅላል፣ ያፈራል፣ አረሙ ግን በደንብ አይሰማውም።

የቡሬዋ፦ ማክሰኞ፣ 10፡30

ጮቄ ሥር፣ ይህን ምሳሌ እሰርቅሃለሁ። ሳልነግርህ ቀርቼ እንዳትከሰኝ።

ማንኩሳ_04፦ ማክሰኞ፣ ምሽት 1፡20

እሺ። ታዲያ ጆሮውን የሚደፍን መድኃኒት ካለ ስሙን ንገሩኝና እገዛለሁ። መርካቶም ካለ፣ ውጭም ካለ። ደግሞ ግሉታሜት የሚባለው ሾርባ ኪዩብ ውስጥ ያለው አይደለም እንዴ? እሱንስ እናቁም?

አዴት_ፋርማሲ፦ ማክሰኞ፣ 1፡55

ሾርባው ይቀጥል። የምንበላውን ግሉታሜት አብዛኛውን አንጀት ራሱ ይጠቀምበታል። ደም ውስጥ የገባውንም አንጎል በቀላሉ አያስገባውም፣ በሩ ላይ ጠንካራ ዘበኛ አለው። ዕጢው የሚጠቀመው እዚያው የተሠራውን ነው። የኔታ እንደሆነ ኪዩብ የሚበሉም አይመስለኝ።

መድኃኒቱን በተመለከተ እጅህን ሰብስብ፣ ወንድሜ። በንዴት አይደለም የምልህ። ፋርማሲ መስኮት ላይ እንዲህ እያለ የሚመጣ ሰው በሳምንት አይጠፋም።

ሰልፋሳላዚን የሚባል የአንጀትና የመገጣጠሚያ መድኃኒት አለ። የቡሬዋ የነገረችንን የልዋጭ በር ይዘጋል። አይጥ ላይ ተስፋ ሰጠ። ሰው ላይ ሲሞከር 10 ሕሙማን እንደገቡበት ጥናቱ ከጊዜው በፊት ቆመ፣ የጠቀመው ሰው አልተገኘም፣ ጉዳቱ በዛ። ቫልፕሮኤት ዕድሜ ይጨምራል ተብሎ ብዙ ተወርቶ ነበር። የበርካታ ጥናቶች ሕሙማን ተደምረው እ.ኤ.አ. በ2016 ሲታይ አልጨመረም። መንቀጥቀጥ ይከለክላል፣ ያ በቂ ሥራው ነው።

ጋባፔንቲን የሚባለው የነርቭ ሕመምና የሚጥል በሽታ መድኃኒት ይረዳል የሚል ወሬም ሰሞኑን ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። አይጥ ላይ የዕጢውንና የነርቩን ትስስር እንደቀነሰ ታይቷል። ከዚህ ተነሥቶ ለራስ አዝዞ መዋጥ ግን ሌላ ነገር ነው። ያፈዝዛል፣ ያንገዳግዳል። 58 ዓመት የሆናቸው፣ ጭንቅላታቸው የተከፈተ ሰው ወድቀው ዳሌያቸው ቢሰበርስ?

የቡሬዋ፦ ማክሰኞ፣ 2፡40

ፋርማሲስቱ ልክ ነው። ስለ ፔራምፓኔልም ልጨምር፣ ያንን ደግሞ ነገ ቴሌግራም ላይ ማንበባችሁ አይቀርም። የአምፓን ተቀባይ የሚዘጋ የሚጥል በሽታ መድኃኒት ነው፣ ማለት ያ የዕጢው ጆሮ ያልኩትን። ጀርመን አገር ሰው ላይ መሞከር ጀምሯል።

አንድ ዜና ግን አለ። ኦኤንሲ 201 የተባለ እንክብል የዶፓሚንን አንድ ተቀባይ ይዘጋል፣ ሌላም ሥራ አለው። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2025 ላይ ተፈቅዷል። የተፈቀደው ግን አንድ የተለየ የዘረመል ለውጥ ላለበት፣ የአንጎል መሐል ላይ ለሚወጣ ዕጢ ነው። ብዙ ጊዜ ሕፃናትና ወጣቶች ላይ የሚታየው ነው። የየኔታ እሱ አይደለም። ማንኩሳ፣ ስሙን አይተህ ደግሞ ብር መሰብሰብ እንዳትጀምር ብዬ ነው።

ሞጣ_ቀራንዮ ስለ አብሾ ያነሣኸው እንዳይቀር። አብሾ ውስጥ አስተናግር ይገባል ይባላል። አስተናግር ስኮፖላሚንና አትሮፒን የሚባሉ ኬሚካሎች አሉት። አሴቲልኮሊን የሚባለውን ሌላውን የአንጎል መልእክተኛ ይዘጋሉ። ያ ነው የሚያስቀባጥረው፣ የሌለ ነገር የሚያሳየው፣ ከበዛ የሚገድለው። ማስታወስን እንዲያውም ይቀንሳል። መርዝ ነው፣ ግን ግሊዮብላስቶማን አብሾ አላመጣውም።

ሞጣ_ቀራንዮ፦ ማክሰኞ፣ 2፡58

ማስታወስን ይቀንሳል? ታዲያ የኛ ሊቃውንት በምን ሊቅ ሆኑ?

ዲያቆን_መርጡለ፦ ማክሰኞ፣ 3፡03

በቁራሽና በድብደባ።

ማንኩሳ_04፦ ማክሰኞ፣ 3፡30

ሳቅ አስመለጣችሁኝ፣ በዚህ ሰዓት።

አንድ ጥያቄ ይቅር ልበል ወይስ ልጠይቅ? ስንት ጊዜ አላቸው?

አወያይ፦ ማክሰኞ፣ 3፡34

ይህን የሚመልስ ሰው በጥንቃቄ ይመልስ። ቤተሰብ እያነበበ ነው።

የቡሬዋ፦ ማክሰኞ፣ 4፡15

ስለ የኔታ አላውቅም፣ የሚያውቅም የለም። ስለ ብዙ ሰው የሚታወቀውን ልንገርህ። ዛሬ የሚሰጠው ሕክምና የጸናው እ.ኤ.አ. በ2005 በወጣ ጥናት ነው። 573 ሰዎች ገቡበት። ጨረር ብቻ ከወሰዱት ግማሾቹ ከ12 ወር ገደማ በላይ ኖሩ። ከጨረሩ ጋር ቴሞዞሎማይድ፣ ማለት የኔታ አሁን የሚወስዱት እንክብል፣ ከወሰዱት ደግሞ ግማሾቹ ከ14 ወር ተኩል በላይ ኖሩ። ሁለት ዓመት የሞላቸው ከ100 ሰው 26 ናቸው። ጨረር ብቻ ከወሰዱት 10።

ቁጥሩ ትንሽ ነው። አልሸሽግህም። የደነገጥኩት እኔም ነኝ መጀመሪያ ስማረው። ግን አየህ፣ ለዚህ ነው ክልከላው የሚከብደኝ። ጊዜው ረዥም ቢሆን ኖሮ አንድ ዓመት ይረፉ ብትል እስማማ ነበር።

እንጅባራ_ሰው፦ ማክሰኞ፣ 4፡40

የቡሬዋ እታለም፣ ተባረኪ። ለእኛ እንዲህ ቁጭ ብሎ የነገረን ሰው አልነበረም።

የደጀን_ልጅ፦ ረቡዕ፣ ቀን 7፡25

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ጠዋት ለሐኪማቸው ደወልኩ። በአራተኛው ሙከራ አነሡ። የቡሬዋ ያለችውን ነው ያሉኝ፣ በአጭሩ። ያስተምሩ፣ ያንብቡ፣ ሲደክማቸው ይተዉ። አንድ ነገር ግን አጥብቀው ነገሩኝ። እንቅልፍ ማጣት መንቀጥቀጥ ያመጣል። ስለዚህ ማታ አምሽቶ ማስነገር የለም።

የቅኔ ቤት ሥርዓት ደግሞ እንደምታውቁት ተማሪው ቀኑን ቆጥሮ ማታ ነው የሚነግረው። ይህ ነው የሚቸግረው።

ዲያቆን_መርጡለ፦ ረቡዕ፣ 8፡00

ጠዋት ይሁን። ተማሪው ማታ ይቁጠር፣ ጠዋት ይንገር። ቅኔው አይቆጣም።

አዴት_ፋርማሲ፦ ረቡዕ፣ 8፡12

ጠዋት ዴክሳሜታሶኑን ከቁርስ ጋር ከወሰዱ በኋላ። ይመቻል።

ማንኩሳ_04፦ ዓርብ፣ ከሰዓት 10፡50

የደጀን ልጅ ገበያ ሄዷል፣ እኔ ልጻፍ።

መጻሕፍቱን ከቆጥ ያወረድኩ እኔ ነኝ። አቧራው አስነጠሰኝ፣ የኔታ "ይማርህ" አሉኝና ሌላ ነገር አላሉም። ከሄዱት ተማሪዎች ሦስቱ ተመለሱ። ዛሬ ጠዋት ቁርስ ቀመሱ፣ ክኒናቸውን ወሰዱ፣ በር ላይ አጎዛው ተነጠፈ። ልጆቹ ተራ በተራ ነገሩ። አንዱን አረሙት። አንዱን ደግሞ አገባቡ ጠማማ ነው ብለው መለሱት። ንግግራቸው ይዘገያል፣ አንዳንዱን ስም ይስታሉ፣ ስሕተት ግን አያልፋቸውም።

ከዚያ እርሳቸው ሊዘርፉ ሆነ። መወድስ አልሞከሩም። ጉባኤ ቃና ነው፣ ሁለት ቤት። የመጀመሪያው ቤት ወዲያው ወጣ። ሁለተኛው መሐል ላይ ቃል ጠፋቸው።

እኔ ልቤ ቀጥ አለ። ቀኝ እጃቸውን አየሁ። አይንቀሳቀስም። ትልቁ ተማሪ ቃሉ የገባው መሰለኝ፣ ሊሞላላቸው አፉን ከፈተ። የኔታ እጃቸውን አንሥተው ዝም አሰኙት። ደሮዋ ከግቢው ጫፍ እስከ ጫፍ እየጫረች ሄዳ ተመለሰች። ማንም አልተናገረም።

አገኙት።